ቺፑን ሌሊቱን ሙሉ መብራት ሥር አሳደርኩት

ከአሮጌ ማሽን ቦርድ ላይ የነቀልኩት ቺፕ አናቱ ላይ ክብ መስኮት አለው። ስቲከሩን ስልጠው ውስጡ ያለው ሲሊከን ወለል ብሎ ታየኝ። ኢፕሮም ነው፤ ማለትም ፕሮግራም የሚቀመጥበት፣ ጠፍቶ እንደገና የሚጻፍበት የማስታወሻ ቺፕ። ቁጥሩ 2764፣ መጠኑ 8 ኪሎባይት። ያለበትን አንብቤ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥኩ፤ ከዚያ አጥፍቼ የተስተካከለውን ፕሮግራም ልጭንበት ተነሳሁ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

በአልትራቫዮሌት እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ስለዚህ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት አበራሁበትና ተኛሁ። ጠዋት ሳነበው አንዲት ቢት (0 ወይም 1 የምትይዝ ትንሿ የመረጃ ክፍል) እንኳ ንቅንቅ አላለችም።

ዳታሺቱን፣ ማለትም አምራቹ ስለ ቺፑ የጻፈውን መግለጫ፣ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። (ሰው መጀመሪያ ማንበብ ያለበትን መጨረሻ ላይ ነው የሚያነበው።) እያንዳንዱ ቢት አንድ ትራንዚስተር ነው። ውስጡ ዙሪያውን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ኦክሳይድ የታጠረ፣ ከምንም ነገር ጋር ያልተገናኘ፣ ተንሳፋፊ ጌት የሚባል ክፍል አለ። ሲጻፍ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ኤሌክትሮኖችን ያጣድፋቸዋል፤ አጥሩን ዘለው ይገባሉ። ቮልቴጁ ሲነሳ መውጫ የላቸውም። ኃይል ቢቋረጥም ለዓመታት እዚያው ናቸው። ኤሌክትሮን የታሰረበት ቢት 0 ሆኖ ይነበባል፣ ባዶው 1። እ.ኤ.አ. በ1971 የኢንቴሉ ዶቭ ፍሮማን ይዞት የመጣው የመጀመሪያው ኢፕሮም፣ 1702፣ 256 ባይት ብቻ ነበር የሚይዘው።

እስረኞቹን የሚያስፈታው 254 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ጨረር ነው። የእኔ መብራት 365 ነበር፤ ጉልበቱ አይበቃም። ተራ መስታወትም 254ን አያሳልፍም። የቺፑ መስኮት ከኳርትዝ የተሠራው ለዚህ ነው።

ጀርም የሚገድለውን ዓይነት ቱቦ አገኘሁና የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ገጠምኩት። ይህ ብርሃን ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ክዳኑ ሲከፈት እንዲጠፋ አደረግኩ። ቺፑን ከቱቦው 2.5 ሴንቲሜትር ያህል አራቅኩት። በ8 ደቂቃ ሁሉም ባይት ኤፍኤፍ ሆነ፣ ማለትም ሁሉም 1። ደስ ብሎኝ ጻፍኩበት። ማሽኑ ተነስቶ ሠራ፤ ሲሞቅ ግን መቀባጠር ጀመረ። ለካ ባዶ ተብለው ያለፉት አንዳንድ ቢቶች በግማሽ ብቻ ነው የጠፉት። አሁን ባዶ ካለኝ በኋላም ያንኑ ያህል ጊዜ እጨምርለታለሁ። በድምሩ 16 ደቂቃ አካባቢ ይመጣል።

አንድ ፊደል ብቻ ለማረምም ሞክሬያለሁ። መጻፍ 1ን ወደ 0 ይቀይራል እንጂ አይመልስም። የላቲኑ ሲ 01000011 ነው፣ ኤ ደግሞ 01000001። ስለዚህ ሲ የነበረውን ሳላጠፋ ኤ አደረግኩት። ኤውን ወደ ሲ ልመልስ ስል እምቢ አለ። ለአንዲት ቢት ብሎ 8 ኪሎባይቱን ሙሉ ማጥፋት ነው።

አንድ ቺፕ ደግሞ በገዛ እጄ ገድያለሁ። 2764 የሚጻፈው በ21 ቮልት ነው፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤ ያለበት ግን በ12.5። ያቺን ፊደል አላየኋትም።

ጽፌ ስጨርስ መስኮቱን በጥቁር ቴፕ እሸፍናለሁ። ቀጥተኛ ፀሐይ በሳምንት ገደማ ሊያጠፋው ይችላል። የመጀመሪያውን ስቲከር ግን ጥዬዋለሁ፤ የፕሮግራሙ ስሪት ቁጥር የተጻፈው እሱ ላይ ነበር።