ብሉቱዝ ፋይል አልልክም ሲል፦ ከፎቶ ኮፒ ቤት የተገኘ ልምድ

እዚህ ጅማ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ባለች ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት እየሠራሁ ጎን ለጎን የኮምፒውተር ጥገና እየተማርኩ ነው። ዊንዶውስ መጫን፣ ራም መቀየር፣ ወረቀት የሚነክስ ፕሪንተር ማስታገስ... እነዚህን አልፌያቸዋለሁ። ስለነሱ የሚያወራ ሞልቷል፣ እኔ አልደግመውም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ብሉቱዝ ነው። በመጨረሻ ስለገባኝ ትንሽ ጉራ ይፈቀድልኝ።

ለምን ብሉቱዝ? ቤታችን ፍላሽ መቀበል አቁሟል። ተማሪው ፍላሽ ሲያመጣ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ አብሮት ይመጣል። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ፍላሽ ይጋባል፣ ጸቡ ለኛ ይተርፋል። ቴሌግራም ጥሩ ነው፤ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም የደንበኛው ፓኬጅ ሲያልቅ ወረፋው ይቆማል። በተለይ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስጠርዘው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲጎርፍ ቀልድ የለም።

ችግሩ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ደንበኛው ከስልኩ ይልካል። ስልኩ ትንሽ ያስብና አልተላከም ይላል። ከዚያ ሁሉም ሰው ያንኑ ያደርጋል። ፔሩን፣ ማለትም ስልኩና ኮምፒውተሩ የተዋወቁበትን፣ ያጠፋል፣ እንደገና ፔር ያደርጋል፣ ሁለቱም ስክሪን ላይ የወጣው ኮድ አንድ መሆኑን ያያል፣ ይልካል። እምቢ። እንደገና ያጠፋል።

እኔ ይህን «አጥፍተህ እንደገና ፔር አድርግ» የሚባል ምክር ጠልቼዋለሁ። የመጨረሻ መፍትሔ መሆን ሲገባው ሁሉም የመጀመሪያ ያደርገዋል። አብዛኛውን ጊዜ ፔሩ ምንም አልሆነም። ኮምፒውተሩ እየጠበቀ ስላልሆነ ነው።

ዊንዶውስ ከስልክ የመጣን ፋይል ዝም ብሎ አይቀበልም። መጀመሪያ መቀበያ መስኮቱን መክፈት አለባችሁ። ታች ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የብሉቱዝ ምልክት በቀኝ ክሊክ ስትነኩ «ሪሲቭ ኤ ፋይል» የሚል ይመጣል። እሱን ስትጫኑ ግንኙነት እየጠበቅሁ ነው የሚል መስኮት ይከፈታል። ስልኩ መላክ ያለበት ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስልኩ የሚያናግረው አያገኝም፣ ስለዚህ ይተወዋል። ነገሩ ይኸው ነው! ይህን የሚያህል ነገር ዊንዶውስ ራሱ ቢናገር ምን ነበረበት?

ምልክቷ ከታች ከጠፋች አትድከሙ። የዊንዶውስ ቁልፍና አር አንድ ላይ ተጫኑና ኤፍ፣ ኤስ፣ ኪው፣ ዩ፣ አይ፣ አር፣ ቲ ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። መላኪያና መቀበያው ቀጥታ ይከፈታል። እኔ አሁን ዴስክቶፕ ላይ አውጥቼዋለሁ፣ በቀን ውስጥ እንደሱ የምነካው ፕሮግራም የለም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ስልኩ ተልኳል ካለ በኋላም ሥራው አላለቀም። ኮምፒውተሩ የት ላስቀምጠው ብሎ ይጠይቃል፣ «ፊኒሽ» መጫን አለበት። መስኮቱን በኤክስ ከዘጋችሁት ፋይሉ የለም። ደንበኛው «ኧረ ልኬያለሁ ወንድሜ!» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሌላው፣ ፊኒሽ ካላችሁ በኋላ መስኮቱ ይዘጋል። ለቀጣዩ ደንበኛ እንደገና መክፈት ነው።

ሰው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ስልኩ «ኮኔክትድ» አይልም፣ «ፔርድ» ብቻ ነው የሚለው ብሎ ሲጨነቅም አያለሁ። ተዉት። ለፋይል እንደዚያ መሆኑ ጤነኛ ነው። እንደ ጆሮ ማዳመጫ ሁልጊዜ ተገናኝቶ አይቀመጥም። ፋይሉ ሲላክ ይገናኛል፣ ሲያልቅ ይለያያል።

ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፣ ጥፋቱም ወደ ስልኩ ይዞራል። አንድሮይድ ላይ ልቀበል ወይ የሚል ማሳወቂያ ይወጣል። ስልኩ ኪስ ውስጥ ከሆነ ወይም ስክሪኑ ከተቆለፈ ማንም አያየውም፣ ጊዜው ያልፍና ይከሽፋል። ስለዚህ እኔ ከመላኬ በፊት «አባባ፣ ስልኩን ከፍተው በእጅዎ ይያዙልኝ» እላለሁ። አይፎን ከሆነ ደግሞ አትልፉ። አይፎንና ዊንዶውስ በብሉቱዝ ፋይል አይለዋወጡም። ኤርድሮፕ የሚባለው የአፕል ዕቃዎች እርስ በርስ የሚጠቀሙበት ነው። በኬብል ወይም በቴሌግራም ጨርሱ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለ ብቻ ወደ ጥገናው እገባለሁ። መጀመሪያ «ሰርቪስስ» (ዊንዶውስ ከጀርባ የሚያሠራቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር) ውስጥ «ብሉቱዝ ሰፖርት ሰርቪስ» የሚለውን ሪስታርት አደርጋለሁ። ካልሆነ ኮምፒውተሩን ራሱን። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ «ሻት ዳውን» አድርጎ መክፈት ከ«ሪስታርት» ጋር አንድ አይደለም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ከበራ ዊንዶውስ ሲጠፋ የውስጡን ሁኔታ ዲስክ ላይ ያስቀምጥና ሲነሳ ያንኑ ይመልሰዋል፣ የተበላሸውን ጨምሮ። ሪስታርት ግን ከዜሮ ያስነሳዋል። ከዚያ በኋላ ነው ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ዕቃውን የሚያዝበት ፕሮግራም። ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ብቻ አውርዱ። ሁሉንም ድራይቨር አድስልሃለሁ የሚሉትን ፕሮግራሞች የጫነ ላፕቶፕ ወደኔ ሲመጣ ብሉቱዙን ሳልነካ እነሱን ስነቅል እውላለሁ።

ስለ ፍጥነት ደግሞ አትታለሉ። ብሉቱዝ 5 ያለው ስልክ ፋይል በፍጥነት ይልካል የሚሉ አሉ። በ2016 የወጣው ብሉቱዝ 5 ያመጣው የፍጥነት ጭማሪ ትንሽ ባትሪ ለሚበላው የብሉቱዝ ዓይነት ነው። ፋይል የሚሄደው በድሮው በኩል ነው። እሱ በ2004 ከወጣው ማሻሻያ ጀምሮ በወረቀት 3 ሜጋቢት በሴኮንድ ነው (አንድ ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ነው)፣ በተግባር 2 አካባቢ። 700 ሜጋባይት ፊልም ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳን ከ40 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ለአንድ ፒዲኤፍ ግን ምን ችግር አለው? ደንበኛው የጆሮ ማዳመጫውን ብሉቱዝ እንዲያጠፋ ብቻ ንገሩት፣ ሁለቱ አንዱን ሬዲዮ ይሻማሉ። እኔ ራሴ ፎቶዎቼን በኬብል ነው የምገለብጠው፣ ለደንበኛ ነው እንዲህ የምሰብከው።

አሁን አንድ ላፕቶፕ ይዞኛል። ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው ብሉቱዙ ከሴቲንግ ውስጥ ጨርሶ ይጠፋል። ዲቫይስ ማኔጀር (የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ዝርዝር) ገብቼ ባትሪ ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንስቻለሁ። ድራይቨሩንም ከአምራቹ ገጽ ጭኛለሁ። አጥፍቼ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለረጅም ጊዜ ተጭኜ ስይዝ ብቻ ይመለሳል፤ በቀጣዩ ቀን ያው ነው። ባዮሱን፣ ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ለማደስ እያሰብኩ ነው፣ ግን መብራት መሃል ላይ ቢሄድና ባትሪው ባይችልስ ብዬ ፈራሁ። የደረሰበት ካለ ይጻፍልኝ። ባለቤቱ አርብ ሊወስደው ይመጣል።