ስሙን የማይጽፈው የኪዮቶ ስቱዲዮ፦ የአምስት ወር ማስታወሻዬ

ከአምስት ወር በፊት ከጓደኞቼ ጋር ስለ ድሮ ጌሞች ስናወራ «የፋሚኮሙን ድራጎን ቦል ማን ሠራው?» የሚል ጥያቄ ተነሳ (ፋሚኮም የጃፓኑ ኔንቴንዶ የድሮ የጌም ማጫወቻ ነው)። ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ባንዳይ» አልን። ቤት ገብቼ ሳጣራ ባንዳይ አሳታሚው እንጂ ሠሪው አልነበረም። ጌሙ በ1986 ሲወጣ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሠራው ቶሴ የሚባል የኪዮቶ ኩባንያ ነው። ስሙን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያች ቀን ጀምሮ እሱን ስከታተል ከረምኩ። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ቶሴ የተመሠረተው በኖቬምበር 1979 ነው። ፋሚኮም ገና አልወጣም፤ እሱ የመጣው በ1983 ነው። ስለዚህ ኩባንያው የጀመረው ሳንቲም እየከተቱ በሚጫወቱባቸው ማሽኖች ነው። ፋሚኮም ጃፓንን ሲያጥለቀልቅ ግን ጌም መሸጥ የሚፈልግ ሁሉ ብቅ አለ። አሻንጉሊት ሻጩም፣ የካርቱን መብት የያዘውም ገበያው ውስጥ መግባት ፈለገ። ገንዘብ አላቸው፣ ሕፃናት የሚወዱት ገጸ ባሕርይ አላቸው። የጎደላቸው ፕሮግራመር ነው። ፋሚኮም ደግሞ ለጀማሪ የሚሆን ማሽን አይደለም። ኮዱ የሚጻፈው በአሴምብሊ፣ ለማሽኑ ቋንቋ እጅግ በቀረበ አስቸጋሪ የኮድ ቋንቋ ነው። ዋናው የሥራ ሜሞሪው 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። ይህን የሚችል ቡድን በአንድ ሌሊት አይሰበሰብም። ቶሴ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ደንበኛው ሐሳቡንና ገንዘቡን ያመጣል። ቶሴ ሠርቶ ያስረክባል። ካሴቱ ላይ የሚለጠፈው የደንበኛው ስም ነው።

ሕንፃ ላይ ሰብ ኮንትራክተር እንደምንለው ማለት ነው። የሚለየው ቶሴ ስም አለመጻፍን የንግድ መርሁ ማድረጉ ነው። የኩባንያው የአሜሪካ ኃላፊ በ2006 በሰጡት ቃለ ምልልስ ይህን በግልጽ ተናግረዋል። የራሳችን ራዕይ የለንም፣ የምንከተለው የደንበኛውን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ስማችን ጌሙ ላይ እንዳይወጣ እኛው ነን የምንጠይቀው ይላሉ። ያኔ ኩባንያው የተሳተፈባቸው ጌሞች ከአንድ ሺህ በላይ ሆነው ነበር።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ ለመዋጥ ይከብዳል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ተናድጄ ነው ያሳለፍኩት። ትልልቆቹ አሳታሚዎች የሠራተኛውን ስም የሰረቁት መስሎኝ ነበር። ሐሳቤን የቀየረው አንድ የቤዝቦል ጌም ነው።

በ1987 ጃሌኮ ያሳተመው፣ አሜሪካ ላይ ቤዝስ ሎደድ ተብሎ የተሸጠው ነው። የሠራው ቶሴ ነው። ካሜራው ከኳስ ወርዋሪው ጀርባ ይቆማል፤ ልክ በቴሌቪዥን እንደሚታየው። ሲጫወቱት እስታዲየም የገቡ ያህል ነው። ግን አንድ ስህተት አለበት። በቤዝቦል መቺው አንዳንዴ ዱላውን ሳይወነጭፍ አግድም ይደግነውና ኳሷን በቀስታ ያስነካታል። ኳሷ እግሩ ሥር ነው የምትወድቀው። በዚህ ጌም ግን አንዳንድ ጉልበተኛ መቺዎች እንዲህ ሲያስነኳት ኳሷ አጥሩን ዘልላ ትወጣለች። ጃፓኖች እስከ ዛሬ ያነሱታል። እኔም በኢሙሌተር (የድሮ ጌም ኮምፒውተር ላይ በሚያስኬድ ፕሮግራም) አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስሞክረው ዋልኩ። ኳሷ ስትወጣ ሳይ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

ታዲያ የዚያ ስህተት ወቀሳ ማን ላይ አረፈ? ጃሌኮ ላይ። የካሜራው ምስጋናስ? እሱም ጃሌኮ ላይ። ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ስም የሌለው ስቱዲዮ ሲወደስ አይሰማም፣ ሲወቀስም አይሰማም። ጌሙ ባይሸጥ ኪሳራው የአሳታሚው ነው። ደግሞ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለተፎካካሪው ይሠራል። ሁለቱም የሚያምኑት ምስጢር ስለሚጠብቅ ነው። ጃሌኮ ዛሬ የለም። ቶሴ ግን አለ፣ እዚያው ኪዮቶ ውስጥ። አሁን ንዴቱ ወጥቶልኛል፤ በቦታው አክብሮት ገብቷል። የሠሪዎቹ ስም መመዝገብ አለበት የሚለው አቋሜ ግን አልተለወጠም።

አሁን ወደ ፍለጋው ልግባ፤ እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁና።

መጀመሪያ ያደረግኩት ካታካና የሚባለውን የጃፓን ፊደል መማር ነው። ለእኛ ያን ያህል አይከብድም። እንደ ፊደላችን አንድ ምልክት አንድ ክፍለ ቃል ነው። ቶ ለብቻው ምልክት አለው፣ ሴ ለብቻው ምልክት አለው፣ መሃላቸው ደግሞ ድምፁን የሚያስረዝም ሰረዝ ይገባል። «ቶ-ሴ» ማለት ሦስት ምልክት ነው። ሀ ሁ ለቆጠረ ሰው 46ቱን መሠረታዊ ምልክቶች በሁለት ሳምንት መያዝ ይቻላል። እኔ ማታ ማታ ሃያ ደቂቃ ነበር የምሰጠው። ግን ጌም ጨርሼ የስም ዝርዝሩ ላይ ስደርስ የማገኘው ብዙ ጊዜ ቅጽል ስም ነው። ያን ጊዜ የጃፓን ኩባንያዎች ጎበዝ ሠራተኛ በተፎካካሪ እንዳይነጠቅባቸው የሠሪውን እውነተኛ ስም ይደብቁ ነበር። ቶሴ የሚለውን ቃል ደግሞ ፈልጌ አጣሁት።

ቀጥሎ ጆሮዬን ማሠልጠን ጀመርኩ። ፋሚኮም አምስት የድምፅ መስመር አለው። ሁለቱ ካሬ ሞገድ፣ አንዱ ሦስት ማዕዘን ሞገድ፣ አንዱ እንደ ከበሮ የምንሰማው ጫጫታ፣ አንዱ የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውት ነው። ሙዚቃውን የሚያጫውተውን ፕሮግራም ስቱዲዮዎች ራሳቸው ይጽፉና ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ይዘውት ይሄዳሉ። ስለዚህ የሁለት ተፎካካሪ አሳታሚዎች ጌም አንድ ዓይነት የድምፅ ኮድ ከተገኘበት፣ ከጀርባ አንድ ስቱዲዮ እንዳለ ይጠረጠራል። በኢሙሌተር አራቱን መስመር ዝም አሰኝታችሁ አንዱን ብቻ ስሙት። ድምፁ ሲያልቅ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አድምጡ። የእጅ ጽሑፍ እንደመለየት ነው።

በሦስተኛው ወር ግን ተሳሳትኩ። አንድ ጌም በጆሮዬ ብቻ ፈርጄ «የቶሴ» ብዬ መዘገብኩ። ለሌሎችም ነገርኩ። በኋላ የሠራው ሰው ራሱ የሰጠውን ቃለ ምልልስ ሳነብ ሌላ ትንሽ ስቱዲዮ ሆኖ ተገኘ። ፕሮግራመሮች መሥሪያ ቤት ሲቀይሩ ልማዳቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ እሱን አላሰብኩም ነበር። አሁን ዝርዝሬ ላይ «የተረጋገጠ» እና «የሚመስል» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉ። ኩባንያው ራሱ ወይም ደንበኛው ካልተናገረ፣ ወይም የሠራው ሰው ካልመሰከረ፣ ወደ መጀመሪያው ዓምድ አይገባም።

ስኩዌር በሚባለው የጃፓን አሳታሚ የድሮ ጌሞች ላይም ቶሴ ብዙ ሠርቷል። ፋይናል ፋንታሲ 5 እና 6ን በ2006 ከሱፐር ፋሚኮም (ከፋሚኮም ተተኪ) ወደ ጌም ቦይ አድቫንስ (በእጅ ወደሚያዘው የኔንቴንዶ ማጫወቻ) ያዛወረው እሱ ነው። «ማዛወር ምኑ ይደንቃል» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ሱፐር ፋሚኮም ስምንት ድምፅ የሚያወጣ ራሱን የቻለ የድምፅ ቺፕ አለው። አድቫንሱ እንዲህ ያለ ቺፕ ስለሌለው ድምፁን ዋናው ፕሮሰሰር መቀላቀል አለበት። ስክሪኑም ከ256 በ224 ነጥብ (ፒክስል) ወደ 240 በ160 ይወርዳል። ተጫዋቾች የስድስተኛው ሙዚቃ ደከመ ብለው አማረዋል፣ እውነት ነው። ምክንያቱን ካወቅኩ በኋላ ግን በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው። ኤኒክስ ለሚባለው አሳታሚ በ1998 የሠሩትን ድራጎን ክዌስት ሞንስተርስንም ጀምሬዋለሁ፤ ጭራቆቹን እያዳቀልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እሱን በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቶሴ በስሙ ወጥቷል። ስታፊ የምትባለው ትንሽ ኮከብ ታሪክ ነው። ከሰማይ ባሕር ውስጥ ትወድቃለች። መሬት ላይ ትንደፋደፋለች፤ ውኃ ውስጥ ስትገባ ግን እንደ ዓሣ ናት። ከ2002 እስከ 2008 ጃፓን ውስጥ አምስት ጌሞች ወጡ። አሜሪካ የደረሰው አምስተኛው ብቻ ነው፣ በ2009። የቅጂ መብቱን ቶሴ ከኔንቴንዶ ጋር ይጋራል። የመጀመሪያውን ስከፍት ቀጥታ ያየሁት የመብት መስመሩን ነው። ከኔንቴንዶ አጠገብ ቶሴ የሚለውን ሳነብ ለብቻዬ አጨበጨብኩ።

ለሚቀጥለው ወር የያዝኩት በ1991 ለጌም ቦይ የወጣውን ኪድ ኢካሩስ ነው። ኔንቴንዶና ቶሴ አብረው የሠሩት ስለሆነ የትኛው ክፍል የማን እጅ እንደሆነ በድምፁ መለየት ይቻል እንደሆነ እሞክራለሁ። የድሮ የጃፓን ካሴት ያላችሁ ካላችሁ የመጨረሻውን የስም ዝርዝር ፎቶ አንሱልኝ። ካታካናውን እኔ አነባለሁ።