ከሞት ያስነሳሁት የድሪል ባትሪ

ይህን የምጽፈው ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ነግሮኝ ቢሆን የአንዲት ሙሽራ ቁምሳጥን ባልተቃጠለ ነበር።

ደሴ ውስጥ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ። የድሪል ባትሪ ሥራ ውስጥ የገባሁት ሳላስበው ነው። አናጢዎችና አሉሚኒየም ሠራተኞች ባለ ባትሪ ድሪል መግዛት ጀመሩ። ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ ድሪሉ ደህና ሆኖ ባትሪው ይሞታል። አዲስ ባትሪ ሲጠይቁ የሚነገራቸው ዋጋ ሌላ ድሪል ለመግዛት ትንሽ ነው የሚጎድለው። ስለዚህ ባትሪያቸውን በፌስታል ጠቅልለው እኔ ጋ ይመጣሉ።

መመሪያው «አትክፈቱ» ይላል። እኔ ክፈቱ ባይ ነኝ። ሳጥኑና ቦርዱ (ባትሪውን የሚቆጣጠረው ሰሌዳ) ደህና ሆኖ ሙሉውን መጣል ለእኛ ኪስ አይሆንም። ግን ከመክፈት በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። እኔ ያወቅኩት ከከፈትኩ በኋላ ነው።

18 ቮልት የሚባለው ባትሪ ውስጡ አምስት ድንጋይ፣ ማለትም አምስት ትንንሽ ባትሪ ነው፣ በተርታ የተያያዘ። ተለቅ ያለው አስር አለው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ። አብዛኛው ድንጋይ 18650 የሚሉት ነው፤ ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር። አንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ አምስቱ ሲደመሩ 21። ገበያ ላይ «21 ቮልት» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ያው ባለ 18ቱ ነው። ሞልቶ ያለውን ቁጥር ስለጻፉበት በልጦ ይታያል። በዚህ የተሸወደ ስንት ሰው አውቃለሁ።

ሥራው ራሱ አይከብድም። በባለ ኮከብ ካቻቢቴ እፈታለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በቴስተር እለካለሁ፣ ድንጋዮቹን የሚያገናኘውን የድሮ ኒኬል ቅጠል በፒንሳ እልጣለሁ፣ አዲሶቹን ድንጋዮች በስፖት (ነጥብ ነጥብ አድርጎ በሚበይድ ማሽን) እበይዳለሁ፣ ቦርዱን መልሼ እዘጋለሁ። መብራት ካልሄደ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

አንድ የኮምቦልቻ አናጢ ድሪላቸውን ይዘው መጡ። ሦስት ወር ታመው ተኝተው ነበር፣ ድሪሉም አብሮ ተኝቷል። ቻርጀር ላይ ሲሰኩት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አይሞላም። ከፍቼ ለካሁ። አራቱ ድንጋዮች ከ3 ቮልት በላይ ናቸው። አምስተኛዋ 0.9። አንዳንድ ቦርድ ቁጭ ብሎም ከአንዷ ድንጋይ ትንሽ ትንሽ ይጠጣል። ሦስት ወር ሲጠጣ ከረመ ማለት ነው።

ዩቲዩብ ላይ እንዲህ ያለውን ባትሪ «ማስነሳት» የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። ቮልቱን በሆነ መንገድ ከፍ ካደረግክለት ቻርጀሩ ይታለልና መሙላት ይጀምራል። እኔም አምስተኛዋን ለብቻዋ በስልክ ባትሪ መሙያ ቦርድ ሞላኋት። ተነሳች! 4.1 ቮልት አነበበች። ገጣጥሜ ቻርጀሩ ላይ ሰካሁት፣ አረንጓዴ በራ። ሁለት መቶ ብር ተቀበልኩ። «እጅህ ይባረክ ልጄ» ብለው ሄዱ። የዚያን ቀን ሙያዬን ለማን ያላወራሁት አለ? ቡና የምጠጣበት ቤት ሁሉ ሰምቷል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የአናጢው ተማሪ ነው፤ እንጨት ቤቱ ውስጥ ነው የሚያድረው። «ወንድሜ፣ ያ ያንተ ባትሪ ይጨሳል!»

ማታ ላይ መብራት ስለሚረጋጋ ቻርጀር ላይ ሰክተውት ነበር። የት አስቀመጡት? ወለሉ ላይ፣ ሰጋቱራ አጠገብ። ከጎኑ ቫርኒሽ የተቀባ የዋንዛ ቁምሳጥን በር ቆሟል። ልጁ በጣውላ እየገፋ ወደ ግቢ አወጣው። በሩ ግን ቀድሞ ተያይዞ ነበር።

እኔ በስልክ ምን አልኩ? «ውሃ እንዳታደርጉበት! አሸዋ በሉበት!» እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሊቲየምና ውሃ አይስማሙም የሚባለውን ሰምቼ ነው። ያ ለንጹሕ ሊቲየም ብረት ነው። የድሪል ባትሪ ሊቲየም አዮን ነው፤ የሚያስፈልገው መቀዝቀዝ ነው፣ መቀዝቀዝ ደግሞ በብዙ ውሃ ነው። አሸዋ አያቀዘቅዝም። አንዷ ድንጋይ ስትነድ ጎረቤቷን ታሞቃለች፣ ጎረቤቷም ትነሳለች። አምስቱም ተራ በተራ እንደ ርችት ፈነዱ። ጭሱም መርዝ ነው። ልጁን «ራቅ በል» ማለት እንኳን ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጉም ነበር፣ ሆዴም ጉም ነበር። አናጢው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ይሰድቡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። «አብሽር፣ ልጁ ተርፏል» አሉኝ። ቡና አስፈሉልኝ። ሁለተኛውን ስኒ እየጠጣን ቀስ ብለው፣ «ግን ልጄ፣ ቻርጀሩ እኮ እምቢ ብሎ ነበር» አሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የእንጨቱንና የቫርኒሹን ከፈልኩ። የእጅ ዋጋቸውን ግን አልቀበልም አሉ። ሙሽራዋ ቁምሳጥኗን ከሠርጓ በኋላ ነው ያገኘችው።

ምን እንደተፈጠረ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ድንጋዩ ውስጥ ስስ የመዳብ ወረቀት አለ። ቮልቱ በጣም ወርዶ ሲቆይ መዳቡ እየሟሟ ወደ ውስጡ ፈሳሽ ሊገባ ይችላል። ያንን ድንጋይ መልሰው ሲሞሉት የሟሟው መዳብ ይጠጥራል፤ ግን በቦታው አይደለም። ቀስ በቀስ በፖዘቲቩና በኔጌቲቩ መካከል ድልድይ ሊሠራ ይችላል። ክፋቱ፣ ቴስተር ይህን አያሳይም። 4.1 ብሎ ያነብልሃል።

ስለዚህ አሁን ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የከረመ ድንጋይ አላስነሳም። ባለቤቱ ቢለምንም፣ ቢቆጣም። አንዷ ከሞተች አምስቱንም ነው የምቀይረው። «አራቱ ደህና ናቸው» ይሉኛል። አዲስና አሮጌ ሲጣመድ አሮጌው ቀድሞ ይደክማል፣ ቀድሞም ይሞቃል። ያገለገለ ድንጋይ መጠቀም የግድ ከሆነ ሞልቼ ሁለት ሳምንት አስቀምጠዋለሁ፤ ቀኑንና ቮልቱን ፕላስተር ላይ እጽፍበታለሁ። ጓደኞቹ 4.15 ላይ ቆመው 4.05 የወረደ ካለ ይወገዳል። ደንበኛ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አይወድም። ይጠብቅ።

የላፕቶፕ ድንጋይ ለድሪል የሚያደርጉ አሉ። ለባትሪ መብራት ይሁን፣ ለድሪል አይሆንም። ድሪል ጠንካራ እንጨት ላይ ሲይዝ 20 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል፤ የላፕቶፑ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 አምፔር አካባቢ ነው የተሠራው። ስትገዙ ደግሞ የሚይዘው መጠን «9800» ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) ተብሎ የተጻፈበትን አትንኩ። በዚህ መጠን ያለ ጥሩ ድንጋይ 3500 አካባቢ ነው የሚይዘው፤ ለድሪል የሚሆነው ጉልበተኛው ደግሞ 2500 ወይም 3000። ሚዛን ላይ አድርጉት። ደህናው ከ45 ግራም አይርቅም። ሠላሳ ምናምን ከሆነ ለሻጩ መልሱለት።

ፖዘቲቩ ጫፍ ላይ የምትቀመጠውን የወረቀት ቀለበት የሚንቁም አሉ። የድንጋዩ ገላ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው። ከፖዘቲቩ የሚለየው ስስ ላስቲክ ብቻ ነው። ቀለበቷን ጨምሩ። ካውያም በቀጥታ ድንጋዩ ላይ አታሳርፉ፤ ስፖት ከሌላችሁ ስፖት ላለው ስጡ።

የሞቱትን የት ልጣል ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። አንዱ መስኮት ወደ ሌላው ላከኝ። ሌላው «ባትሪ? ከቆሻሻ ጋር ጣለዋ!» አለ። መኪናው ውስጥ ሲጨፈለቅ ሊነድ እንደሚችል አስረዳሁት። «እንግዲያው ደብዳቤ ይዘህ ና» አለኝ። የማንን ደብዳቤ? እሱንም አላወቀውም።

የቀራቸውን ኃይል በመኪና አምፖል አስጨርሼ፣ ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍኜ፣ የብረት ባልዲ ውስጥ ግቢው ጥግ አስቀምጫቸዋለሁ። አከራዬ በሳምንት አንዴ መቼ እንደማነሳቸው ይጠይቁኛል። ባልዲዋ የእሳቸው ናት።