የበሩ ቀለም

ዛሬ ከቤት የወጣሁት ሥዕል ለማየት ብዬ አይደለም። ሳምንቱ ከብዶኝ ነው ያለፈው። እስካሁንም አልለቀቀኝም። ስልክ ማየት አስጠላኝ፣ ቤት መቀመጥም አስጠላኝ። ጓደኛዬ መ. ደግሞ «የሥዕል ዐውደ ርዕይ አለ፣ ጭር ያለ ነው፣ ማንም አያናግርህም» አለችኝ። «ማንም አያናግርህም» የምትለዋ ናት ከአልጋ ያስነሳችኝ።

እውነትም ጭር ያለ ነው። ሠዓሊው የሳለው የከተማ ዳርቻ ነው፤ አሁን አሁን የሚሠራው ዓይነት ሰፈር። በመደዳ የቆሙ አንድ ዓይነት ቤቶች፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የቆመ መኪና፣ ደጅ የወጣ የቆሻሻ ገንዳ። ተራራ የለ፣ ጀምበር ስትጠልቅ የለ። «ይሄን ለማየትማ መስኮቴን ብከፍት ይበቃኝ ነበር» አልኩ። ለራሴ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ መ. በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

ሰው የሚባል አንድም የለበትም። እየቆየ ያስጨንቃል። ሁሉም ሰው አሁን ገና፣ እኔ ስገባ፣ ተነስቶ የወጣ ነው የሚመስለው። የፈረንሳዩ ሠዓሊ ፒሳሮ ትዝ አለኝ። ጦርነት ሸሽቶ ለንደን ዳርቻ ተቀምጦ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1871፣ እዚያ የነበረ የባቡር ጣቢያ ስሏል። መጀመሪያ ሣሩ ላይ አንድ ሰው ነበረበት። በኋላ ራሱ ቀብቶ አጠፋው። ከቀለሙ ሥር መኖሩ የታወቀው ብዙ ቆይቶ በምርመራ ነው። እኔ ያ ሰውዬ ሁሌም ያሳዝነኛል። ምን አጠፋ? ሣሩ ላይ ከመቆም በቀር ማንን ነካ?

ከዚያ አንዷ ሥዕል ፊት ተገትሬ ቀረሁ። ትልቅ አይደለችም። የተዘጋ የብረት በር ብቻ ናት። ከሩቅ ግራጫ ነው። ቀረብ ሲሉ ግን ከታች በኩል፣ ዝናብ ከመሬት እየተፈናጠረ የሚመታው ቦታ ላይ፣ ቀለሙ ተልጦ ዝገቱ ወጥቷል። በዝገቱና በግራጫው መሃል ፀጉር የምታክል ሮዝ መስመር አለች። እጀታው አካባቢ በእጅ ብዛት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ይሄ ሰውዬ አንድ በር ስንት ቀን ቆሞ አየው?

እና ሐሳቡ መጣብኝ። ያደግኩበት ቤት በር ምን ቀለም ነበር?

14 ዓመት ወጥቼ ገብቼበታለሁ። በቡጢ ደብድቤዋለሁ፣ በድንጋይ አንኳኩቼዋለሁ፣ ያመሸሁ ቀን በላዩ ዘልያለሁ። አረንጓዴ ነው። እርግጠኛ ነኝ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ እርግጠኛ አልሆንኩም። እዚያው ቆሜ ለእህቴ ደወልኩ።

«ምን ሆንክ?» አለች መጀመሪያ፣ እኔ በዚያ ሰዓት ስለማልደውል።

«የቤታችን በር ምን ቀለም ነበር?»

ዝም አለች። ከዚያ «ሰማያዊ ነዋ! ለዚህ ነው ያስደነገጥከኝ?»

ሰማያዊ! ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ አንዲት ሠራተኛ መጥታ በትህትና ውጭ እንዳወራ ነገረችኝ። ወጣሁ። ተመልሼም አልገባሁ። የሥዕሎቹን ግማሽ አላየሁም፣ የሠዓሊውን ስም እንኳ አላነበብኩም።

መ. ተናዳ ወጣች፤ ነገሩን ስነግራት ግን ንዴቷን ረስታ ስለ ሌላ ሠዓሊ፣ ስለ ጆርጅ ሾው፣ ታወራልኝ ጀመር። እንግሊዛዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ተርነር ለሚባለው የብሪታንያ የሥነ ጥበብ ሽልማት ከታጩት አንዱ ነበር። ዓመታት ሙሉ የሚስለው ያደገበትን ሰፈር፣ ኮቨንትሪ ከተማ ዳር ያለውን ታይል ሂልን ነው። የሚስለውም ልጆች የአውሮፕላን ሞዴል በሚቀቡበት ኢናሜል ነው፤ ያው የብረት በር እንደሚቀባበት ዓይነት የሚያብረቀርቅ ቀለም። ቀናሁበት። ሰውየው በሮቹን ያውቃቸዋል! «እሱም እኮ ከፎቶ ነው የሚሠራው» አለች መ. ልታጽናናኝ።

የኛን በር ማን ፎቶ አንስቶት? ማታ አልበሙን አገላበጥኩ። ልደት አለ፣ ምርቃት አለ፣ ውሻው ሳይቀር አለ። አንዱ ላይ የበሩ ጠርዝ ጣት ያህል ትታያለች፤ ፎቶው ራሱ ግን በእርጅና ቢጫ ሆኗል። ቢጫ በር እንደሌለን ብቻ ተስማምተናል።

በመጨረሻ እማዬ ጋ ደወልኩ። ሳቀች።

«ምን አረንጓዴ፣ ምን ሰማያዊ! አንቲረስት ነበር እንጂ። አባትህ ሰኞ እቀባዋለሁ፣ ሰኞ እቀባዋለሁ እንዳለ ያንኑ ቀይ አንቲረስቱን ትተነው ወጣን።»

እህቴ ይሄንን ስትሰማ እማዬ እያረጀች ነው አለች። እኔ ግን አንድ ነገር ይዤ ነበር፤ መልሼ ደወልኩ። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ እርጥብ ቀለም ላይ ተደግፌ የሸሚዜ እጅጌ በአረንጓዴ ተለቅልቆ አልነበር? በቤንዚን እያሸሽ አልለቅ ብሎሽ?

«ሸሚዙንማ እንዴት እረሳዋለሁ፣ ገርፌህ የለ!» አለች እማዬ።

ታዲያ የተደገፍኩት የማን በር ላይ ነው?