ሰኞ ሰኞ አንድ ገጽ

ዛሬ ፈሳሽ ቀለም እየረጨ የሚያትመው፣ ኢንክጄት የሚሉት ፕሪንተሬ አዋረደኝ። ቢሯችን ሥር ቡና የምታፈላልን እህታችን፣ ልጇ ትምህርት ቤት የምትወስደው የሰንደቅ ዓላማ ሥዕል አትምልኝ አለችኝ። ምን ችግር አለው ብዬ አዘዝኩት። አረንጓዴው ሰማያዊ፣ ቢጫው ነጭ፣ ቀዩ ሮዝ ሆኖ ወጣ። ልጅቷ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ጋሼ፣ ይሄ የማን አገር ነው?» አለችኝ።

ቢጫው ደርቆ ነው። ማሽኑ አረንጓዴን ከሰማያዊና ከቢጫ፣ ቀዩን ደግሞ ከሮዝና ከቢጫ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ አንዱ ሲደርቅ ሦስቱም ተያይዘው ይበላሻሉ። የሚያናድደው ቀለሙ አለማለቁ ነው። የቀለም መያዣውን፣ ካርትሪጁን፣ ሳነሳው ከብዶኛል። ኮምቦልቻ ብሆን በሙቀቱ አሳብብ ነበር። እዚህ ደሴ ግን የጦሳ ተራራ ጉም እስከ ረፋድ መስኮቴ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ በምን ላሳብብ?

ጥፋቱ የኔ ነው። ሥራዬ የነጋዴ ሂሳብ መሥራት ነው። ሐምሌ ሲገባ የግብር ሰሞን ነውና ደስጣ ወረቀት በሳምንት ይበላል። ከኅዳር በኋላ ግን ፕሪንተሩ አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። ቀለሙ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። አንድ ወር ዝም ካልኩት ቀለሙ እዚያው ይጋገራል። ሌዘር የሚባለው ፕሪንተር ቢሆን ውስጡ ደረቅ ዱቄት ስለሆነ ለከርሞም ግድ የለውም።

ማጽጃውን ከኮምፒውተሩ ማዘዝ ይቻላል። ይንጓጓል፣ ይንሿሿል፣ ይጨርሳል። ግን የሚያጸዳው በዚያው በውድ ቀለም ነው። እየረጨ ሆዱ ሥር ያለ ስፖንጅ ላይ ይደፋዋል። ሦስቴ ካዘዝኩት ያልታተመ ገንዘብ አፈሰስኩ ማለት ነው። ስለዚህ ካርትሪጁን አውጥቼ ለብ ባለ ውኃ የራሰ ሶፍት ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ሮዝ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ተንጣለለ። ቢጫው ቆየብኝ። በስተመጨረሻ እንደ እርድ ጠብ ሲል «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ብቻዬን ጮኽኩ።

ጣቴ ላይ የቀረው ቀለም ግን አልለቀቀም። ባለፈው ካርትሪጁን በመርፌ ቀለም ስሞላ እንዲሁ ነክሮኝ ለቅሶ ሄጄ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት አባት እጄን አይተው «ምርጫ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ለቅሶ ላይ ሳቅ እንዴት እንደሚታነቅ ያየ ያውቀዋል።

ስለ መርፌ ካነሳሁ፣ ይህ ዓይነቱ ማሽን የተወለደውም በመርፌ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ካኖን ቤተ ሙከራ ውስጥ የጋለ የብየዳ ብረት ሳይታሰብ ቀለም የያዘ መርፌ ነካ። ቀለሙ ከጫፉ ፊጭ አለ። ሙቀት ቀለምን ሊተፋ እንደሚችል ያኔ ገባቸው። የኔውም ካርትሪጅ ዛሬ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ታዲያ ለምን አልሸጠውም? መብራት ሲሄድ ነው ዋጋው የሚታወቀኝ። ሌዘር ዱቄቱን በሙቀት ነው ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው፤ ለዚያ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ይፈልጋል። የጎረቤቴን ሌዘር በኔ ትንሽ ባትሪ ሞክረነው ባትሪው ጮኾ ጠፋ። የኔው በ20 ዋት አካባቢ እየተንፏቀቀ ያትማል። ደግሞ ፎቶ ሲያወጣ! ለእናቴ ያተምኩላት የሐይቅ ፎቶ ሳሎን ተሰቅሎ እንግዳ ሁሉ ስቱዲዮ የወጣ ይመስለዋል።

ዝናብ ግን አይወድም። አምና ሐምሌ ከኩታበር የመጡ ሐጂ የሂሳብ መግለጫቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወጡ። ከሰዓት ተመለሱ። ጥቁሩ ደህና ነው፣ በቀለም ያደመቅኩት ድምር ግን ወረቀቱ ላይ ወንዝ ሠርቷል። አፍሬ መሬት መሬት ሳይ «አብሽር ልጄ፣ ትርፉን ዝናቡ ወሰደው፤ ግብሩንም እሱ ይክፈል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከቢሮ የሚወጣ ወረቀት ላይ ቀለም አልጨምርም፤ ፕላስቲክም አልብሼ ነው የምሰጠው።

ዛሬ ከሰዓት ሰንደቅ ዓላማውን ደግሜ አተምኩ። ተስተካክሏል። ከእንግዲህ ሥራ ኖረም አልኖረም ሰኞ ሰኞ አንድ ባለቀለም ገጽ ላወጣ ወስኛለሁ። የሚታተመውን ልጅቷ ትመርጣለች ተባብለናል። ለፊታችን ሰኞ አውራ ዶሮ አዛኛለች። ጅራቱ አረንጓዴ እንዲሆንም አስጠንቅቃኛለች።