ጉንፋን የያዘው ልጅ አጠገብ

ልጄ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። መስከረም ላይ መዋዕለ ሕፃናት ከገባ ወዲህ፣ ጥር እስኪብት ድረስ አራት ጊዜ ጉንፋን ይዞታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት እንቅልፍ አጥቼ፣ ምግቡን፣ የልብሱን ውፍረት፣ የቤቱን ወለል ሳይቀር ስወቅስ ከረምኩ። በሦስተኛው ጊዜ ያየችው የሕፃናት ሐኪም፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ፣ ከብዙ ልጆች ጋር የሚውል ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ጉንፋን ቢይዘው ደካማ ነው ማለት እንዳልሆነ አስረዳችኝ። አዋቂ ሰው እንኳ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይይዘዋል። ይህን ማወቄ ከገዛሁት ሽሮፕ ሁሉ የበለጠ ረድቶኛል፤ እንደኔ ለሚጨነቁ ወላጆች ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ጉንፋን አንድ በሽታ አይደለም። ይህን ስም የምንሰጠው ከ200 በላይ ቫይረሶች ለሚያመጡት፣ እርስ በርሱ ለሚመሳሰል ሕመም ነው። ከእነዚህ መካከል ዋነኛው ራይኖቫይረስ የሚባለው ሲሆን፣ እርሱ ብቻውን ከ160 በላይ ዓይነት አለው። የልጁ አካል አንዱን ዓይነት ታግሎ ካወቀው በኋላ በሚቀጥለው ወር የሚመጣው ሌላ እንግዳ ይሆንበታል። እስከዛሬ የጉንፋን ክትባት ያልተሠራበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ቫይረሱ በገባ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ማስነጠስና ንፍጥ ይከተላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ውስጥ ያልፋል። ሳሉ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ይህን የማያውቅ ወላጅ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ልጁ አሁንም ሲስል ሲሰማ መደንገጡ አይቀርም።

በእኛ አገር ግን ጉንፋን የሚያስይዘው ብርድ ነው ብለን ነው ያደግነው። በሚኒባስ ታክሲ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት ከኋላ ወንበር «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ያስመታናል!» የሚል ድምፅ መሰማቱ የተለመደ ነው። በእንግሊዝ አገር ሳልስበሪ በተባለች ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ ጉንፋንን ብቻ ሲያጠና የኖረ ተቋም ነበር። ከሙከራዎቹ በአንዱ ፈቃደኛ ሰዎች ገላቸውን ታጥበው ሳይደርቁ ንፋስ በሚያልፍበት ኮሪደር እንዲቆሙ፣ እርጥብ ካልሲም አድርገው እንዲውሉ ተደርጎ ነበር፤ ብርዱ ብቻውን ግን ጉንፋን አላስያዛቸውም። የወላጆቻችን አባባል ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። ራይኖቫይረስ በ37 ዲግሪ ከሚሆነው የአካል ውስጥ ሙቀት ይልቅ 33 ዲግሪ አካባቢ በሆነው ቀዝቀዝ ያለ አፍንጫ ውስጥ በተሻለ ይራባል፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ሰው ሁሉ ቤት ዘግቶ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ነገር ግን በራችንን የምንዘጋበት ምክንያት እንዳይዘን ከሆነ፣ አንድ የሚያስነጥስ ሰው ባለበት ታክሲ ውስጥ መስኮቱን መዝጋት በሽታውን አብሮ ማፈን ነው። እኔ አሁን ልጄን ሹራብ አልብሼ፣ ኮፍያውን አድርጌለት፣ መስኮቱን ጣት በምታህል ክፍተት እከፍታለሁ። የሚቆጡኝ ይኖራሉ፤ በትሕትና አስረዳቸዋለሁ።

ለመከላከል ከሁሉ የሚበልጠው እጅ ነው። ቫይረሱ ከንፍጥ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ በር እጀታና ወደ መጫወቻ፣ ከዚያም ወደ ሌላው ሰው ዓይንና አፍንጫ ይሻገራል። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ በፊት እጁን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ያህል እንዲታጠብ አስለምጄዋለሁ፤ ሲያስነጥስም በክርኑ እንዲሸፍን። የቸገረኝ መሳሳሙ ነው። ዘመድ ሲመጣ ሕፃን ካልሳመ የናቀን ይመስለዋል፣ እኛም ልጃችንን ከከለከልን ያኮረፍን ይመስለናል። ያም ሆኖ ጉንፋን የያዘው ሰው ጥቂት ሳምንት የሞላትን ጨቅላ ሲስም ዝም ብሎ ማየት አይገባም። «ጉንፋን ይዞኛል፣ ከሩቅ ልሳለምሽ» ማለት ዛሬ ነውር መሆኑ ቀርቶ አሳቢነት ሊሆን ይገባል።

እናቴ ከደብረ ብርሃን የመጣችው ልጁ በአራተኛው ጉንፋን በተኛ በሁለተኛው ቀን ነበር። ከጓሮዋ የቆረጠችውን ዳማከሴ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ቅጠሉን በሁለት መዳፏ መካከል ማሸት ጀመረች፤ አሽታ አሽታ ጭማቂው በጣቶቿ መካከል ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲወርድ ግንባሩን፣ ደረቱን፣ የእግሩን መዳፍ ቀባችው። ክፍሉ በዳማከሴ ሽታ ተሞላ። ልጁም ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ይህን አልከለከልኳትም፤ የአያት እጅ ለታመመ ልጅ የሚሰጠው መጽናናት ቀላል አይደለም። ጭማቂውን በአፍንጫው ልታንጠባጥብለት ስትል ግን «እማዬ፣ እሱን ተይው» አልኳት፤ እርሷም ተወችው።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ጋቢ ተከናንቦ እንዲታጠን ስትጠይቀኝም እምቢ አልኩ። እንፋሎት ጉንፋን እንደሚያሳጥር የተረጋገጠ ነገር የለም፤ የፈላ ድስት ከሕፃን ጉልበት አጠገብ ማኖር ግን ልጅን ለቃጠሎ አሳልፎ መስጠት ነው። ልጅ መቼ እንደሚወራጭ አይታወቅም። በምትኩ አፍንጫው ሲታፈን ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን የጨው ውሃ ጠብታ ጠብ እያደረግሁ ንፍጡን በሶፍት አጸዳለታለሁ፤ ትኩሳቱ ሲያስቸግረው በክብደቱ ልክ የታዘዘውን ፓራሲታሞል እሰጠዋለሁ፤ ሾርባ፣ አጥሚት፣ ውሃ እያፈራረቅሁ አጠጣዋለሁ። ማታ ላይ ለሳሉ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ይልሳል። ማር የሌሊት ሳልን ማስታገሱ በጥናት የታየ ነገር ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በጭራሽ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል የባክቴሪያ ዘር በጨቅላ አንጀት ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ መመረዝ ያስከትላል። አስፕሪንም ለልጅ መስጠት አይገባም።

ስለ አንቲባዮቲክ ስናገር ከራሴ ስሕተት መጀመር አለብኝ። በመጀመሪያው ጉንፋን ንፍጡ አረንጓዴ ሲሆን በቀጥታ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ሄጄ አሞክሲሲሊን ጠየቅሁ፤ ያለ ማዘዣ ተሰጠኝ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ጀመረው፣ ጉንፋኑም አንድ ቀን እንኳ አልፈጠነም። አሞክሲሲሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን እንደማይነካ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አረንጓዴው ቀለምም ከባክቴሪያ የመጣ አልነበረም፤ አካል በሽታውን ለመዋጋት የላካቸው ነጭ የደም ሴሎች በውስጣቸው የያዙት ነገር ነው ንፍጡን የሚያቀልመው። መድኃኒቱን ባልተፈለገበት ቦታ ስንጠቀም ደግሞ ባክቴሪያዎች ይለምዱታል፤ የምር በሚያስፈልግበት ቀን ላይሠራ ይችላል። ይህ በሩቅ ያለ የሌላ ሰው ችግር አይደለም፤ የሚለምደው ባክቴሪያ በልጄ ጉሮሮ ውስጥ ያለው ነው።

እናቴ በዚያው ምሽት «እንጥሉ ወርዶ እንዳይሆን» አለችኝ። እንጥል ማስቆረጥ በብዙ አካባቢዎች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው፤ ልጅ ሲስል፣ ጉሮሮውን ሲያመው፣ እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ባልጸዳ ስለት ይቆረጣል። ከባድ የደም መፍሰስና መመረዝ ያስከትላል፣ ሕይወት የጠፋበትም አለ። እንጥል በጉንፋን ሊያብጥ ይችላል፤ ሲሻለው እብጠቱ በራሱ ይጠፋል። እናቴ የእኔም እንጥል በሕፃንነቴ እንደተቆረጠ የነገረችኝ ያን ዕለት ነው። ዝም ብዬ እጇን ያዝኩ። የተሻለ ነው ብላ የምታምነውን እንዳደረገች አውቃለሁ።

የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ጉንፋን አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ልጁ ንፍጥም ሳልም ሳይኖረው ጉሮሮውን ክፉኛ ካመመው፣ ትኩሳቱ ከበረታና አንገቱ ሥር ያሉት ዕጢዎች ካበጡ፣ ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ይህኛው በፔኒሲሊን ወገን መድኃኒት በወጉ ካልታከመ የልብን በሮች (ቫልቮች) የሚያበላሸውን የሩማቲክ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ በአገራችን ብዙ ወጣቶች በዚህ ምክንያት የልብ ሕመምተኛ ሆነዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ የሳንባ ምች ነው። ስሙ ራሱ ያዘናጋል፤ «ምች» ሲባል ሰው ዳማከሴ ወደ መቁረጥ ይሄዳል እንጂ ወደ ጤና ጣቢያ አይሮጥም። ይህ በሽታ ግን በዓለም ላይ ሕፃናትን ከሚገድሉ ተላላፊ በሽታዎች ቀዳሚው ነው፤ እንደ ተራ ጉንፋንም ሊጀምር ይችላል። መለያው እስትንፋስ ነው። ልጁ ጸጥ ብሎ ሳለ ደረቱን ገልጦ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ይገባል፦ ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚፈዝ ልጅ ደግሞ ቁጥር ሳይጠበቅለት በዚያው ሰዓት መወሰድ አለበት። በገጠር ጤና ኬላ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የሚያስል ልጅ ሲቀርብላቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ቆጠራ ነው።

ያን ሌሊት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ልጄ ሲያቃስት ነቃሁ። ትኩሳት ነበረው። ፓራሲታሞሉን ሰጥቼው እስኪረጋጋ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ሸሚዙን ገልጬ የስልኬን ሰዓት ይዤ አጠገቡ ተንበረከክሁ። እናቴ ተነሥታ መብራቱን ያዘችልኝና «ምን እየቆጠርሽ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ። ነገርኳት። ከዚያ ሁለታችንም ዝም ብለን የትንሿን ደረት መነሣትና መውደቅ አብረን ቆጠርን። ሠላሳ ሁለት ሆነ። እናቴ ተሳስቼ እንዳይሆን ብላ እንደገና አስቆጠረችኝ፤ ሠላሳ አንድ። ሸሚዙን መልሳ አለበሰችው፣ ጋቢዋን ደረበችለት፣ እኔም መስኮቱን በጥቂቱ ከፈትሁ፤ እርሷም ዝጊው አላለችኝም።