ቴክን መቻል የምትፈልጉ፣ መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

እንደ ቴክን ያለ የድብድብ ጌም ሊጀምር ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «የትኛውን ኮምቦ ልሸምድድ?» ኮምቦ ማለት ተከታትሎ የሚያርፍ የምት ሰንሰለት ነው። ጥያቄው አይገርመኝም። ዩቲዩብ ላይ ሲገባ የሚያገኘው እሱኑ ነው፤ አንዱ ሌላውን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ግማሽ ጉልበቱን ጨርሶት ሲወርድ። ያምራል። ግን ጀማሪ የሚሸነፈው ኮምቦ ስለማያውቅ አይደለም። ዓይኑ የራሱ ካራክተር ላይ፣ ማለትም የሚያንቀሳቅሰው ተደባዳቢ ላይ ተተክሎ ስለሚቀርና ጣቱ ቁልፍ መቀጥቀጥ ስለማያቆም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማየት ተማሩ። ዓይናችሁን ከራሳችሁ ካራክተር ላይ አንሱና ባላጋራችሁ ላይ አድርጉ። የእናንተ ካራክተር ምን እያደረገ እንደሆነ ጣታችሁ ያውቀዋል፤ የማታውቁት የሰውየውን ነው።

ምሳሌዬን ከቴክን አመጣለሁ፣ እኛ ሰፈር ጌም ቤት ከኳስ ቀጥሎ የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ። ቴክን ደስ የሚለው ነገር ቁልፎቹ ትርጉም አላቸው። ፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ላይ ካሬዋ ግራ እጅ ናት፣ ሦስት ማዕዘኗ ቀኝ እጅ፣ ኤክሷ ግራ እግር፣ ክቧ ቀኝ እግር። ይሄን ያወቀ ሰው ባላጋራው በየትኛው እጅ እንደመታው ማየት ይጀምራል።

ቀጥሎ መከላከል። ምቶቹ ሦስት ከፍታ አላቸው፤ ሃይ (ላይ)፣ ሚድ (መሃል)፣ ሎው (ታች)። ቆማችሁ ወደ ኋላ ከያዛችሁ ሃይና ሚድ አይነካችሁም። ወደ ታችና ወደ ኋላ ይዛችሁ ቁጢጥ ካላችሁ ሎውን ትከለክላላችሁ፣ ሃይ ደግሞ በራሳችሁ ላይ ያልፋል፣ ግን ሚድ ያገኛችኋል። ታዲያ ጀማሪ የትኛውን ይምረጥ? ቆሞ መከላከልን። ምክንያቱም አብዛኛው ሎው የሚያወርደው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ቁጢጥ ያለ ሰው የሚበላው ሚድ ግን ብዙ ጊዜ አየር ላይ አንስቶ የሚያስጨርስ ነው። ትንሿን ቅመሱ፣ ትልቁን ከልክሉ። ይህን ብቻ ልማድ ያደረገ ሰው ቁልፍ የሚቀጠቅጡትን አብዛኞቹን ያሸንፋል።

«ግን እኮ ሁሉንም አይቼ አልደርስበትም» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ሊደረስበትም አይችልም። ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል ነው የሚያሳየው፣ እያንዳንዷ ምስል ፍሬም ትባላለች። የቴክን ፈጣን ቡጢ በ10 ፍሬም ይደርሳል፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ስድስተኛ። የሰው ልጅ አይቶ ቁልፍ እስኪጫን ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ እሱ ደግሞ 15 ፍሬም ነው። ስለዚህ ፈጣኑን ቡጢ አይቶ የሚከለክል ሰው የለም፤ ሻምፒዮኖቹም ቀድመው ቆመው ስለሚጠብቁ ነው የሚያመልጡት። የዓይን ሥራ የሚጀምረው ቀርፋፋዎቹ ምቶች ላይ ነው። እነሱ ይታያሉ። እነሱን አይቶ መቅጣት፣ ማለትም ሰውየው ተጋልጦ ሳለ መልሶ መምታት፣ ደግሞ የዚህ ጌም ትልቁ ደስታ ነው፣ እውነቴን ነው።

የአክስቴን ልጅ ያስተማርኳት በዚሁ መንገድ ነው። ጌም ቤት ውስጥ ቴክን 7 ላይ ብራያን የሚባለውን ካራክተር የሚጫወት አንድ ልጅ ነበር፣ ስኔክ ኤጅ የሚባለውን ሎው እየደጋገመ ሁሉንም የሚጥል። ስኔክ ኤጅ በጣም ቀርፋፋ ነው። ብራያን ዝቅ ብሎ ይሽከረከርና እግሩን መሬት ለመሬት ያመጣዋል፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ካገኘ ይጥላል፣ ከተከለከለ ግን እሱ ራሱ ተጋልጦ ይቀራል። «በዚህ ራውንድ ምንም እንዳትመቺ» አልኳት፣ «ወደ ኋላ ይዘሽ ቆመሽ እሱን ብቻ እይው፣ መሽከርከር ሲጀምር ቁጢጥ በይ።» መጀመሪያ ላይ እየዘገየች በላችው። ከዛ አንዱን ከለከለችው። ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች፣ «አየህ? አየህ?» ስትል ልጁ ተነስቶ መታት። ግን አለቀ፣ ያ ምት ከዛ በኋላ ምስጢር አልነበረም። ቀጥሎ የያዘችው የእሷ ካራክተር ጂን ከቁጢጥ ሲነሳ ወደ ላይ የሚያጎነውን ቡጢ ነው። ልጁ እንደለመደው ሲሽከረከር ከለከለችና አነሳችው፣ ጌም ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ኮምቦ አታውቅም ነበር እኮ፤ አየር ላይ ያለውን ሰውዬ ሁለት ቡጢ ብቻ ጨመረችለት። በቂ ነበር፣ ልጁ ስኔክ ኤጅ መምታት ተወ።

ይሄ የጀማሪ ዘዴ ብቻ አይደለም። በ2019 አርስላን አሽ የሚባል ከላሆር የመጣ ፓኪስታናዊ ኢቮ ጃፓን የሚባለውን የድብድብ ጌም ውድድር፣ በዚያው ዓመት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሚካሄደውን ዋናውን ኢቮ በቴክን 7 አሸነፈ። በፍጻሜው የጣለው ኒ የሚባለውን ኮሪያዊ ነው፣ በዚህ ጌም ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ አንዱን። ከዚያ በፊት የዓለም ዓይን ኮሪያና ጃፓን ላይ ነበር፣ ፓኪስታንን ማንም አላሰባትም። አርስላን የሚታወቀው በመከላከሉና በእንቅስቃሴው ነው፤ ከምት ክልል ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ሰውየው ስቶ ሲመታ ጠብቆ ይቀጣዋል። ያደገው ላሆር ውስጥ ከአገሩ ልጆች ጋር ጎን ለጎን እየተጫወተ ነው። እኔን በጣም የሚያበረታታኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ጎን ለጎን ተቀምጦ መጫወት እኛም አገር አለ።

ኦንላይን ለመጫወት ከአዲስ አበባ ሆኖ ሩቅ ካለ ሰው ጋር መገናኘት ይከብዳል። ቴክን 8 የመስመሩን መዘግየት የሚያለሰልስ ዘዴ ቢኖረውም ርቀቱን አያጠፋውም፤ ሰውየው ድንገት ይዘላል፣ አይታችሁ የምትከለክሉት ሎው ሳይታያችሁ ያርፍባችኋል። ዓይናችሁን ገና እያሠለጠናችሁ ከሆነ ይሄ ይጎዳችኋል። ከቻላችሁ በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ተጫወቱ፣ ባላጋራ ስትመርጡም የመስመሩን ጥራት እዩ። ካልሆነ ጌም ቤት ሂዱ፣ ወይ ወንድማችሁን አስቀምጡ።

ብቻችሁን ከሆናችሁም ብዙ ነገር አለ። ቴክን 8 የተጫወታችሁትን ጨዋታ መልሳችሁ ስታዩ፣ አንድ ቦታ ላይ አቁማችሁ ከዛው ራሳችሁ እንድትጫወቱት ይፈቅዳል። ሁልጊዜ የምትመቱበት ቦታ ላይ አቁሙትና ሌላ ነገር ሞክሩ። የእናንተን አጨዋወት እየተማረ የሚሄድ ጎስት የሚባል ነገርም አለው። ራሳችሁን ግጠሙት። ከወደቃችሁ በኋላ ሁልጊዜ በእርግጫ እንደምትነሱ የሚነግራችሁ እሱ ነው፤ ደጋግሞ ያደርገዋል፣ እናንተም ያናድዳችኋል፣ ከዛ ትተዉታላችሁ።

አንድ ነገር አደራ፤ ካራክተር አትቀያይሩ። ዛሬ ኪንግ፣ ነገ ሊሊ፣ ከነገ ወዲያ ኤዲ ከሆነ ዓይናችሁ ወደ ባላጋራው አይሄድም፣ የራሳችሁን ቁልፍ ስትፈልጉ ራውንዱ ያልቃል። የወደዳችሁትን አንድ ያዙ፣ ጠንካራ ነው ደካማ ነው የሚለውን ወሬ ተዉት፣ እዚህ ደረጃ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም። ከእሱም አራት አምስት ምት ብቻ ይዛችሁ ግቡ፤ ፈጣን ቡጢ፣ አንድ ጥሩ ሚድ፣ አንድ ሎው፣ ወደ ላይ የሚያነሳ አንድ ምት፣ ከቁጢጥ ሲነሱ የሚመታ አንድ።

ኮምቦውስ? ይመጣል። ወደ ላይ የሚያነሳውን ምት ደጋግማችሁ ማሳረፍ ስትጀምሩ ያኔ ጌሙ ውስጥ ያለው ልምምድ ክፍል ገብታችሁ አንድ አጭር ኮምቦ ያዙ፣ በግራም በቀኝም ቆማችሁ እስኪወጣላችሁ። እስከዛ ግን ከእናንተ የሚሻል ሰው ፈልጋችሁ ተሸነፉለት፣ ከዛ ጆይስቲኩን ሳያስቀምጥ «ምን አይተህብኝ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት ይነግራችኋል፣ እንደገና እየመታችሁም ያሳያችኋል።